የባለሙያ ምላሽ፦ አንድ እጃቸው የደከመ አባት እንደገና መንጠቆ ሊጥሉ ይችላሉ?

ከሐይቅ ከተማ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው።

«አባቴ ዕድሜያቸው 61 ነው። ሐይቁ ዳር ተወልደው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓሣ በመንጠቆ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የዛሬ ዓመት ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ደከመ። አሁን ከዘራ ይዘው ግቢ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ ለሩቅ መንገድ ዊልቸር አላቸው። ግራ እጃቸው ግን ተጨብጦ ቀርቷል። ጠዋት ማታ ‹አንድ ቀን ብቻ ውኃው ዳር ውሰዱኝ› ይላሉ። እናቴ ‹ውኃ ውስጥ ልትጨምሩት ነው እንዴ?› ብላ ትቆጣለች። በውጭ አገር ለአካል ጉዳተኞች የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ እንዳለ አይቻለሁ። እዚህ ይገኛል? ለእሳቸውስ ይሆናል? ወይስ እናቴ ትክክል ናት?»

አብሽሪ እህቴ። አባትሽ መንጠቆ ሊጥሉ ይችላሉ። ያየሽው ውድ መሣሪያም አብዛኛው አያስፈልጋቸውም። እናትሽ ግን የምትፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለዚህ መልሴን ከእሷ ፍርሃት እጀምራለሁ። እኔ ደሴ ላይ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ስትሮክ የመታቸውን፣ እጅ ወይም እግር ያጡትን ሰዎች ወደ ለመዱት ሥራ መመለስ የዕለት ሥራዬ ነው፤ ሐይቅ ዳርም ከታካሚዎቼ ጋር ብዙ ጠዋት አሳልፌአለሁ።

ሰው ስለዚህ ነገር ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ከዘንጉና ከክር መጠቅለያው ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከመቀመጫው ነው። ስትሮክ የመታው ሰው እጁ ብቻ አይደለም የሚደክመው፤ ወገቡና ጎኑም ሚዛን ያጣል። ዓሣው ክሩን ሲስብ ሰውነት ሳያስበው ወደ ደካማው ጎን ያዘነብላል። ጤነኛ ሰው በግራ እጁ መሬት ተደግፎ ይመለሳል፤ አባትሽ ግን የሚደገፉበት እጅ የላቸውም። የሐይቁን ጠባይ ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውኃ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ጥቂት ርምጃ ገብተሽ መሬቱ ከእግርሽ ሥር የሚጠፋበት ዳርቻ አለው። እናትሽ ይህን ሳትለካው ታውቀዋለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ሜዳ የሆነ፣ ወደ ውኃው የማያዘነብል፣ ጠዋት ጥላ የሚያገኝ ይሁን። ዊልቸሩ ከውኃው ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። በፍሬኑ ብቻ አትመኑ፤ ጭቃና እርጥብ ሣር ላይ ፍሬን የያዘ ጎማም ይንሸራተታል። ሁለት የቆዩ ሳንቃዎች ከሥር አንጥፉ፤ ጎማዎቹ አይሰምጡም። ከፊት ጎማዎቹ ፊት ደግሞ ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አስቀምጡ። ዊልቸሩ ለቦታው ካልተመቸ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ይበቃል። በርጩማ ግን አይሆንም። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ጎን ሲያዘነብል የሚይዘው ነገር የለም።

አሁን ወደ መሣሪያው። በአንድ እጅ የሚያጠምድ ሰው ችግሩ አንድ ነው፤ ዘንጉን የሚይዝለት ሁለተኛ እጅ። በውጭ አገር በብዙ ብር የሚሸጠው መሣሪያ አብዛኛው ይህንኑ ሁለተኛ እጅ ለመተካት የተሠራ ነው። አንዳንዱ እንደ መታጠቂያ ደረት ላይ ይለበስና ከፊቱ የዘንግ ማስገቢያ ቱቦ አለው። ሌላው በዊልቸሩ ክንድ ላይ በክላምፕ፣ በብሎን በሚጠብቅ መያዣ፣ ይታሰራል። ክንድ ላይ ተጠቅልሎ ዘንጉን ከፊት ክንድ ጋር የሚያያይዝም አለ፤ እሱ የተሠራው መጨበጥ ለማይችል፣ ግን ትከሻና ክርኑ ለሚታዘዝለት ሰው ነው። ለአባትሽ የምመርጠው ሁለተኛውን፣ ወንበሩ ላይ የሚታሰረውን ነው። እሱን ደግሞ ከሐይቅ ሳትወጪ ታሠሪዋለሽ።

ከቧንቧ ዕቃ መደብር ውፍረቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ግዢ፤ 30 ሴንቲሜትር ይበቃል። የላይኛው አፉ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወደ ታች አምስት ሴንቲሜትር ያህል ይቆረጥ፤ ዘንጉ ክር መጠቅለያ ካለው እግሩ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ዘንጉም አይዞርም። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት፤ ስሜት የቀነሰ እጅ በሹል ፕላስቲክ ቢቆረጥ አያውቅም። ከታች ዘንጉ ወደ ውስጥ እንዳይሰጥም አንድ ብሎን ቱቦውን አቋርጦ ይለፍና በዳዶ ይጠበቅ። ከዚያ ቱቦውን በወንበሩ የቀኝ ክንድ ላይ፣ አፉ ወደ ፊትና ወደ ላይ 45 ዲግሪ ያህል እንዲያዘነብል አድርጋችሁ በሁለት ክላምፕ እሰሩት። በወንበሩ ብረትና በቱቦው መካከል የቆየ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጣችሁ ጠቅልሉ፤ ሳይንሸራተት ይይዛል፣ ብረቱንም አይልጥም። ብረት በያጅ ጎረቤት ካላችሁ ከላሜራ ቱቦ ቢሠራላችሁም ያው ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ዝናብም ይበላዋል። እኔ ፕላስቲኩን እመርጣለሁ።

ዘንጉን በተመለከተ ብዙዎች የማያምኑኝን ነገር ልንገርሽ። ለቆሮሶ (ለቲላፒያ ዓሣ) ክር መጠቅለያ አያስፈልግም። ሦስት ሜትር ወይም ሦስት ሜትር ተኩል የሆነ ቀላል ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ፣ ጫፉ ላይ የታሰረ ርዝመቱ ከዘንጉ ጋር እኩል የሆነ የናይሎን ክር፣ ከቡሽ የተሠራ ተንሳፋፊ፣ ትንሽ እርሳስ፣ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፤ በቃ። የሚጠቀለል ነገር ስለሌለ ሁለተኛ እጅ አይጠይቅም። ዓሣው ሲነክስ አባትሽ ዘንጉን ከቱቦው ሳያወጡ በቀኝ እጃቸው ወደ ላይና ወደ ራሳቸው ይስቡታል፤ የቱቦው ታች እንደ መደገፊያ ሆኖ ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል። ክሩ ከዘንጉ እኩል ስለሆነ ዓሣው ተንጠልጥሎ ራሱ ወደ ወንበሩ ይመጣል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኝ ባለሙያ አይደለም፤ አንድ እጅ የሌለው የሐይቅ ልጅ ነው፤ በቱቦ ፋንታ ዘንጉን በሁለት ድንጋይ መካከል ሰክቶት ነበር።

ቆሮሶ እኮ የዚህ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አካባቢ የገባ ዓሣ ነው። ለአባትሽ ዓይነት ሰው ግን በመምጣቱ ደስ ይለኛል። ከዳር አይርቅም፣ አፉ ትንሽ ነው፣ አሳሳቡም ሰው አይገለብጥም። አምባዛ ሌላ ነገር ነው። ትልቁ አምባዛ ጉልበተኛ ነው፤ በሸምበቆ አይሞከርም። አባትሽ ከለመዱ በኋላ «አምባዛ ካልያዝሁ» ካሉ ያን ጊዜ ክር መጠቅለያ ያለው አጭርና ጠንካራ ዘንግ ይፈለግላቸዋል።

ከክር መጠቅለያዎች ለአንድ እጅ የሚመቸው ክሩ በክዳን ውስጥ የተሸፈነውና በአውራ ጣት አንድ ቁልፍ ተጭነሽ የምትለቂው ዓይነት ነው። ታሪኩም ደስ ይላል። አር. ዲ. ኸል የተባለ ሰው ሐሳቡን ያመጣው ኦክላሆማ፣ ተልሳ ከተማ ለነበረ ለነዳጅ ጉድጓድ የሚሆን ፈንጂ ለሚሠራ ድርጅት ነበር፤ ድርጅቱ በ1949 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሠርቶ አወጣ፤ ዛሬ ዜብኮ በሚል ስም የሚታወቀው እሱ ነው። ለአካል ጉዳተኛ ታስቦ አልተሠራም፤ ክር ተወሳስቦበት ለሚቸገር ማንኛውም ሰው ነው የተሠራው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይህን አምጣልን በሉት፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል፣ ቦርሳ ውስጥም ይገባል። ዘንጉ ቱቦው ውስጥ ተቀምጦ ቀኝ እጅ እጀታውን ያዞራል፤ ስለዚህ እጀታው በቀኝ በኩል መሆኑን አረጋግጡ። ዳይዋና ሺማኖ የሚሠሯቸው በባትሪ የሚሠሩ፣ ቁልፍ ሲጫኑ ክሩን ራሳቸው የሚጠቀልሉም አሉ። እነሱ የታሰቡት ለጥልቅ ባሕር ነው፤ ሁለቱም እጁ ለደከመ ሰው ትልቅ ነገር ናቸው፤ ለአባትሽ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

መንጠቆ ማሰር በአንድ እጅ ከሁሉ ይከብዳል። መፍትሔው ቤት ውስጥ ነው። ማታ አንቺ ወይም ወንድሞችሽ አሥር ያህል መንጠቆ፣ እያንዳንዱን ስንዝር በሚሆን ክር አስራችሁ ሌላኛውን ጫፍ ቀለበት አድርጉት። ዋናው ክር ጫፍ ላይ ተከፍቶ የሚዘጋ ትንሽ የሽቦ ማያያዣ ይኑር። አባትሽ ያለቀውን አውጥተው አዲሱን ቀለበት በአንድ እጅ ያስገባሉ። የተዘጋጁት መንጠቆዎች ስፖንጅ ላይ ተሰክተው ይደርደሩ፤ ስፖንጁም ወንበሩ ቀኝ ክንድ ላይ ይታሰር። አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ፤ ከመንጠቆው ጫፍ በታች ወደ ኋላ የምትመለሰውን ትንሽ ሾህ በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኟት። ጥቂት ዓሣ ሊያመልጥ ይችላል፤ ግን መንጠቆው ሰው ላይ ከተሰካ በገባበት ይወጣል። የግራ እጃቸው ስሜት ከቀነሰ መንጠቆ ወግቷቸው ሳያውቁት ቤት ሊገቡ ይችላሉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ግራ እጃቸውን፣ ጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር ተመልከቱ፤ የተወጋ ካለ አጥባችሁ ስለ ቴታነስ ክትባት ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ከዓሣው መንጠቆ ማውጣትም ሁለት እጅ ይፈልጋል። የቆሮሶ የጀርባ ሾህ ይወጋል፤ የአምባዛ ደግሞ ከጉንጩ ኋላ ባሉት የጎን ክንፎች ላይ ያለው ሾህ የባሰ ነው። ጭናቸው ላይ የሚቀመጥ አንድ ጣውላ አዘጋጁ፤ በላዩ ላይ እርጥብ ጨርቅ፣ በአንድ ጫፉ ሁለት ሚስማር ከሥር ወደ ላይ ተመትቶ። ዓሣው በጨርቁ ይሸፈናል፣ ሚስማሮቹ ጨርቁን ይይዛሉ፣ ቀኝ እጅ በፒንሳ መንጠቆውን ያወጣል። ይኸው ጣውላ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሰክተው በአንድ እጅ እንዲቆርጡበትም ይጠቅማል፤ ለብዙ ታካሚዎቼ ያሠራሁት ለዚያ ነበር። ሥራ ላይ ካልሆነ ግን ሚስማሩን ቡሽ አልብሱት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ስትሮኩ የመታው ግራ ጎናቸውን ነው። ግራ ጎናቸው የደከመባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ የግራውን ዓለም ይረሱታል። ዓይናቸው ያያል፣ አእምሯቸው ግን ግራውን አይቆጥረውም። ትሪው ላይ በግራ በኩል ያለውን ወጥ ትተው ይነሳሉ፣ በር ሲያልፉ ግራ ትከሻቸው ይጋጫል። አባትሽ ላይ ይህን አይተሽ ከሆነ ሹል ነገር ሁሉ፣ መንጠቆም ቢላም፣ በቀኝ ይሁን። የማይጎዳውን ግን ሆን ብለሽ በግራ አድርጊው፤ የትል ቆርቆሮውን፣ የሚጠጣ ውኃቸውን። በፈለጉት ቁጥር አንገታቸውን ወደ ግራ ያዞራሉ። ክሊኒክ ውስጥ በካርድና በሥዕል የማስለማምደውን ሐይቁ ዳር ሳይሰለቻቸው ይሠሩታል። ግራ እጃቸውም ዝም ብሎ አይንጠልጠል፤ ቆርቆሮውን በጭናቸው ላይ ይዞ የሚቆም ክብደት ይሁን። የተጨበጠው መዳፍ ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ አስገቡ፤ ጥፍር ቆዳውን አይበላውም።

አሁን ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምነግርሽ። ሰውየውን ከምንም ነገር ጋር በማይፈታ ነገር አትሰሩት። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ታካሚዬ መጨበጥ ስለማይችል ዘንጉን ከክንዱ ጋር በጨርቅ ቋጥሬ አሰርሁለት። ቋጠሮው ጥሩ ነበር፤ ጥፋቱም እሱ ነበር። አምባዛ ሲስብ መልቀቅ አልቻለም፤ ከመቀመጫው ተንሸራትቶ በጉልበቱ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ዳር ላይ ስለነበርን በወገቡ ይዤ አወጣሁት። ዛሬም ያንን ቋጠሮ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ደንቤ ይህ ነው፤ ሰው ላይ የሚታሰር ማንኛውም ነገር በደህናው እጅ፣ በአንድ መሳብ፣ ሳይታይ መፈታት አለበት። የጫማ ላይ የሚጣበቀው ቬልክሮ ለዚህ ይሆናል፤ ቋጠሮና የሱሪ ቀበቶ አይሆኑም። ቤት ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ጊዜ ይፍቱት፤ ካልቻሉ አይታሰርም። ዘንጉን ግን በሲባጎ ከወንበሩ ጋር እሰሩት፤ ቢወድቅ አይጠፋም።

ጀልባና ታንኳ ለጊዜው ይቅር። ወደፊት ከወጡም ከዊልቸሩ ጋር ታስረው ፈጽሞ አይውጡ። ጀልባ ሲገለበጥ ከብረት ወንበር ጋር የታሰረ ሰው ከወንበሩ ጋር ይሰጥማል፤ ዋና መቻሉም አያድነውም። ዳርም ቢሆኑ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበሱ፤ ከአንገት ኋላ ኮሌታ ያለው፣ ፊትን ወደ ላይ የሚገለብጥ፣ ውስጡ ስፖንጅ የሆነው ይሻላል። በገመድ ተስቦ አየር የሚሞላው ዓይነት በድንጋጤ ሰዓት ትክክለኛውን እጅ ይፈልጋል። ባዶ ጄሪካን በገመድ አስራችሁ ዳር አኑሩ፤ የሚወረወር ነገር እንዲኖር ነው እንጂ ጃኬቱን አይተካም። ስታነሷቸውም በደካማው ክንድ አትጎትቷቸው። ከስትሮክ በኋላ የዚያ ትከሻ ጅማትና ጡንቻ የላላ ነው፤ አንድ ጊዜ በቅን ልብ መጎተት ለወራት የሚቆይ ሕመም ያመጣል። በወገባቸውና በጀርባቸው ያዟቸው።

የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሰዓቱን ጠብቀው ይዋጡ፤ ባርኔጣና የሚጠጣ ውኃ አይለያቸው። ከስትሮኩ በኋላ የሚጥል ሕመም ታይቶባቸው ከሆነ ሐኪማቸውን ሳታማክሩ አትውጡ። ሁልጊዜም ዋና የሚችል አንድ ሰው አብሮ ይኑር።

ስለ ሌሎች ጉዳቶችም የሚያነብ ሊኖር ይችላል። ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው ከዘንጉ ጫፍ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ቃጭል ተንሳፋፊውን ሙሉ በሙሉ ትተካለች፤ ክሩን በጣት ላይ ማሳለፍም ንክሻውን ያስነግራል። ከአንገት በታች ላልታዘዘለት ሰው ትንፋሽን የሚጠቀም መሣሪያ አለ፤ በቀጭን ቱቦ እፍ ሲል ወይም ሲስብ በባትሪ የሚሠራውን ክር መጠቅለያ ያዝዛል። ውድ ነው፤ ግን አለ። እግሩን ያጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጥሩ መቀመጫና ጥሩ መንገድ ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ ለሚፈልግ ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ።

መንገድ ካልሁ አይቀር፣ ሐይቁ ዳር መዝናኛ ያላችሁ ወገኖች ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። ደረጃ የምትሠሩበትን ሲሚንቶ ለዘንበላ መንገድ አድርጉት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት። ግማሽ ሜትር ለመውረድ ስድስት ሜትር ይበቃል። የአሜሪካ የተደራሽነት ደንብ ለዓሣ ማጥመጃ መድረክ ከአጥሩ ቢያንስ ሩቡ ቁመቱ ከ86 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ይላል፤ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ዘንጉን አሻግሮ እንዲጥል ነው። ከሥር ደግሞ ጎማ እንዳያልፍ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ ጠርዝ ይደረግ።

ወንድሞችሽ «አሁን ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ካሉሽ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 መዝናናትንም ስፖርትንም መብት ብሎ እንደጻፈው ንገሪያቸው። እኔ ግን ከሕጉ ይልቅ የታካሚዎቼን ፊት ነው የማምነው። ዓመት ሙሉ «እጅህን አንሳ» ስለው ያልሰማኝ ሰው ተንሳፋፊው ሲጠልቅ ከወንበሩ ቀና ሲል አይቻለሁ።

መጀመሪያ በምትወጡበት ቀን መንጠቆ አትውሰዱ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ እርሳስና ተንሳፋፊ ብቻ አስራችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ወደ የት እንደሚያዘነብሉ፣ ቬልክሮውን እንዴት እንደሚፈቱ፣ መቼ እንደሚደክሙ አስተውሉ። እናትሽንም ውሰዷት፤ ሳንቃውንና ድንጋዩን በዓይኗ ትይ፣ የቀረውን እሷ ትነግራችኋለች። በሁለተኛው ጊዜ መንጠቆ ይኖራል። ማባበያውን ግን ማንም አያዘጋጅላቸው፤ ማታውኑ አባትሽ ራሳቸው ሊጡን በቀኝ እጃቸው ይለውሱት፣ ሳህኑን በግራ ክንዳቸው ከሆዳቸው ጋር ደግፈው። ቱቦውን ከማስቆረጥሽ በፊት የዊልቸሩን ክንድ ውፍረት በሜትር ለክተሽ ጻፊልኝ፤ ክላምፑ ስንት ቁጥር እንደሚሆን እነግርሻለሁ።